አረጋዊ ወላጅን ለማን አደራ እንስጥ?

በቦንጋና በአካባቢዋ፥ ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ጅማ፥ ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ባሕር ማዶ ከሄዱ በኋላ፥ ወላጆች በእርጅናቸው ብቻቸውን የሚቀሩበት ቤት ጥቂት አይደለም። ልጆቹ ረስተዋቸው አይደለም፤ ገንዘብ ይልካሉ። ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን መድኃኒት አያስውጥም፤ ዝናብ ባራሰው ደጅ ላይም ክንድ ይዞ አያሻግርም።

በቅርብ የምናውቃቸው አንዲት እናት ነበሩ። የሦስት ልጆቻቸው ገንዘብ አንድ ወር እንኳ አልተቋረጠም፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸው ግን ካለቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ሠራተኛይቱ ለማን እንደምትነግር አላወቀችም፤ ልጆቹም አንዱ በሌላው ተማምነው አልጠየቁም፤ እናቲቱም ሕመም ስላልተሰማቸው ዝም አሉ። ይህ ደዌ ሳይሰማ ቈይቶ ድንገት አካልን ሽባ የሚያደርግ ነውና፥ አንድ ጧት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው።

ከዚህ የተማርነው፥ አገልጋይ መቅጠርና አደራ ተቀባይ መምረጥ ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ምግብ የሚያበስልና ልብስ የሚያጥብ ሰው ቢኖርም፥ ቀጠሮውን፥ መድኃኒቱንና ወጪውን አስተባብሮ የሚይዝ፥ ለልጆችም እውነቱን የሚነግር አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል። በአንዳንድ አገሮች ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ነርሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች በደመወዝ ይሠሩታል። በእኛ ዘንድ ግን ከዘመድ፥ ከጎረቤት፥ ቢገኝም ጡረታ ከወጣ የጤና ባለሙያ መካከል መምረጥ ይገባል።

ምርጫው እንዲህ ቢሆን መልካም ነው።

አንደኛ፥ አስቀድሞ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቅ። ያልወደዱት ሰው ቢመጣባቸው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉና።

ሁለተኛ፥ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ይሁን። በከፋ ብዙ አረጋውያን የልባቸውን የሚናገሩት በካፊኖኖ ነው፤ ሕመም ደግሞ በትርጉም ሲነገር ይጎድላል።

ሦስተኛ፥ የመድኃኒቱን ስም፥ መጠንና ሰዓት ጽፎ ይያዝ፤ ሳያልቅም ያስገዛ። የጤና መድን መታወቂያውን በየዓመቱ ያሳድስ። በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው አገልግሎት የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይወቅ፤ በሚያስፈልግም ጊዜ ሳይዘገይ ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ያድርሳቸው።

አራተኛ፥ ወጪው በደብተር ይጻፍ፤ ገንዘቡን የሚይዘውና ሒሳቡን የሚመረምረው ግን አንድ ሰው አይሁን። ይህ ታማኙን ሰው ከሐሜት ይጠብቀዋል።

አምስተኛ፥ ከልጆች አንዱ ተጠሪ ሆኖ ይመረጥ። ውሉም በመዠመሪያ ለአንድ ወር ሙከራ ይሁን፤ በዚያም ወር ዘመድ ሳይነገር ይጎብኝ።

እነዚያ ልጆች ይህን ያደረጉት እጁ ከደከመ በኋላ ነው። ዛሬ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ጎረቤታቸው ነገሩን ሁሉ ትይዛለች፤ ታላቂቱ ልጅም በየእሑዱ ትጠይቃታለች። እናቲቱ ግን ቡናቸውን በግራ እጃቸው ነው የሚይዙት።

ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል። እንግዲህ አደራ መስጠት መጣል አይደለም፤ ተቀባዩን ሳያውቁ መስጠት ግን ከመጣል ብዙ አይርቅም። አንባቢ ሆይ፥ እናትህ ገና ደኅና ሳሉ ከወንድሞችህና ከእኅቶችህ ጋር ተቀምጠህ ተመካከር።