ስለ ድርሰት ሀብት

መጽሐፍ የደረሰ ሰው ርስት እንዳቀና ሰው ነው፤ ድካሙን ሌላ ሲሸጥበት ሐዘኑ እስከ ቤተ ሰቡ ይደርሳል።

ዝነኛው የእንግሊዝ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር የልደት በዓል ታሪኩን አሳትሞ በ5 ሽልንግ ቢያወጣ፥ እስከ በዓሉ ዋዜማ 6000 ያህል ተሸጠለት። ነገር ግን ወር ሳይሞላ ሌሎች አሳታሚዎች ቃሉን ጥቂት ለዋውጠው በ2 ፔኒ አወጡበት። ወሩም አምስተኛው ልጁ የተወለደበት ነበርና ገንዘቡን እጅግ ይፈልገው ነበር። ከሰሰ፥ ዳኛውም ሽያጩን አገደለት፤ ረቺነቱ ግን ባዶ ሆነ። ተከሳሾቹ ከሰርን ስላሉ፥ ረቺው ራሱ 700 ፓውንድ ያህል የሙግት ወጪ ከፈለ። በ1846 ዓ.ም. እንደገና ቢሰርቁት መክሰስን እንቢ አለ።

እኛ ግን ወደ ፍርድ ቤት አትሂዱ አንልም። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውን በሕይወቱ ዘመን ሁሉ፥ ወራሾቹንም ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለዚህም ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሆኖም ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ያሻልና፥ የመጀመሪያው ረቂቅ ቀኑ ተጽፎበት፥ ከአሳታሚው ጋራ የተዋዋሉበትም ወረቀት በሳጥን ይቀመጥ። ባለቤቱም የሳጥኑን ቦታ ብታውቅ መልካም ነው፤ በ50ው ዓመት የምትጠቀመው እርስዋ ከልጆችዋ ጋራ ናትና። የተሰረቀውን መጽሐፍ፥ ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም፥ አንድ ቅጂ ገዝቶ ከነደረሰኙ መያዝ ይጠቅማል። ከዚያም በደብዳቤ ማስጠንቀቅ፤ እንቢ ቢል ሽያጩ እንዲታገድ ለዳኛ ማመልከት ነው። ካሣ ከመጠየቅ በፊት ግን ተከሳሹ የሚከፍለው ነገር እንዳለው ይመርመር፤ ዲክንስን የጎዳው ይኸው ነበርና።