ፊደላችን ከየት መጣ? መስኮታችንስ ወዴት ሄደ?

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት በአራተኛ ክፍል የአማርኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ፊደልን ማን ሠራው?» ሲል ጠየቀን። ገና አፋችንን ሳንከፍት ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ከዓረብ አገር ነው የመጣው፤ አጎቴ ነግሮኛል» አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ «ውሸቱን ነው! የራሳችን ነው!» ብላ ብድግ አለች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እኛ ሁለት ዕጩ መምህራን ጠመኔ እንደያዝን ተያየንና «ነገ እንነግራችኋለን» ብለን ወደ ንባቡ ተመለስን። ያ ነገ ሳይመጣ የልምምዱ ጊዜ አለቀ።

እውነቱን ለመናገር መልሱን አናውቀውም ነበር። ወደ ተቋማችን ከተመለስን በኋላ በመኝታ ቤት ስንከራከርበትም ያው እንደ ልጆቹ ለሁለት ተከፈልን። ነገሩ ሲከነክነን ቤተ መጻሕፍት ገባን። እዚያ እንደተረዳነው የፊደልን ነገር ለብቻው ነቅሎ ማየት አይቻልም። ቀይ ባሕርን መሐላቸው አድርገው የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ማለትም የሰሜን ኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ በዚህ በኩል፣ የዛሬዋ የመን በዚያ በኩል፣ ሦስት ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከተዋዋሱትና ከተዋጉት ታሪክ አንዱ ክፍል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እንገልጻለን።

ለእኛ ለደገኞች ባሕር መለያያ ይመስለናል። በጥንት ዘመን ግን መንገድ ነበር። ጭነትን በተራራና በበረሃ ከመጎተት በጀልባ ማሻገር ይቀል ነበርና። በስተ ደቡብ በባብ ኤል መንደብ በኩል ደግሞ የባሕሩ ወርድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስሙ በዓረብኛ «የልቅሶ በር» ማለት ነው፤ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

ከአድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በየሐ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ። የተጠረቡት ድንጋዮች ያለ ጭቃ ተገጣጥመው ግድግዳው እስከ ዛሬ ቆሟል። ቤተ መቅደሱ አልመቃህ ለሚባለው አምላክ የተሠራ ሲሆን፣ ይኸው አምላክ ባሕር ማዶ በሳባ መንግሥት ዋና ከተማ በማሪብ ይመለክ ነበር። የአሠራሩም ዘዴ የሳባ ነው። ይህን በማየት ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1928 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ሥልጣኔን ያመጡት ከደቡብ ዓረቢያ የፈለሱ ሰዎች ናቸው የሚለውን አስተያየት አጠናከረ። አስተያየቱም ለብዙ ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ኖረ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ቁፋሮዎች ግን ሌላ ነገር አሳዩ። የሳባ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት በምሥራቅ ትግራይ የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ ሰዎች መንደር ነበራቸው፤ የሸክላ ዕቃቸውም የአገሬው ሥራ ነው። የመጡት ሳባውያን ጥቂት ነበሩ። በደጋው ላይ የነበረው የደዓማት መንግሥት ነገሥታት የሳባን ማዕርግና ጽሕፈት ወስደው ለራሳቸው ክብር ተጠቀሙበት። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ጎበዝ አናጢ ከጎረቤት ያስመጣ የለም? ቤቱ ግን የአናጢው አይሆንም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንምጣ።

በዚያ ዘመን በባሕሩ ወዲህና ወዲያ ይጻፍበት የነበረውን ፊደል ሊቃውንት የደቡብ ዓረቢያ ፊደል ይሉታል። 29 ሆሄያት ነበሩት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ቅርጹን ያየ ሰው ግን ወዲያው ዘመዱን ይለያል፤ «ዐ» ያው ክብ ነው፣ «ወ» መሐሉ የተሰመረ ክብ ነው፣ «በ» ጣራ ያላቸው ሁለት ቋሚዎች ናቸው። ተራውም ቢሆን «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኛ ይህን ስናነብ እውነትም ደነገጥን፤ በአራት ዓመታችን ጀምሮ የዘመርነው ነገር እኮ ነው!

ይሁንና ያ ፊደል አንድ ጎዶሎ ነበረው። አናባቢ የለውም። በአማርኛ ብናስበው በር፣ ብር፣ በራና ቢራ ሁሉም በአንድ ዓይነት ይጻፋሉ ማለት ነው፤ አንባቢው ከነገሩ አያያዝ ገምቶ ይለያል። በአክሱም ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኢዛና ጊዜ፣ ይህ ጎዶሎ ተሞላ። ከጎን ቅጥያ፣ ከእግር ቀለበት እየተጨመረ፣ አንዱ እግር እያጠረ፣ እያንዳንዱ ሆሄ ሰባት መልክ አገኘ። ግዕዝ ከ29ኙ 24ቱን ያዘ፤ ለግሪክ ቃላትና እንደ ጴጥሮስ ላሉ ስሞች ሲል «ጰ» እና «ፐ»ን ጨምሮ 26 አደረጋቸው። በሰባት ሲባዛ 182 ይሆናል። የጽሕፈቱም አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝ ጸና። አማርኛ ደግሞ በተራው ለራሱ ድምፆች ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨን ከነበሩት ሆሄያት እያበጀ ጨመረ።

ታዲያ የልጁ አጎት ተሳስተዋል? ግማሹን ነግረውታል። ልጅቷም ግማሹን ይዛለች። አንድ ነገር ግን ሁለቱም አልጠቀሱትም፤ ዛሬ የምናየው የዓረብኛ ጽሕፈት የመጣው ከሌላ ምንጭ ነው። በየመን ያ አሮጌው ፊደል እስልምና በተስፋፋበት ዘመን ቀርቶ በዓረብኛው ተተካ። ከደቡብ ዓረቢያ ፊደል ዘር እስከ ዛሬ በሕይወት ያለው ብቸኛው ልጅ በየክፍሉ ግድግዳ የምንሰቅለው የፊደል ገበታ ነው። ባለቤቱ የተወውን ተዋሹ ጠበቀው።

በአክሱም የሚገኘው የኢዛና ድንጋይ ጉርብትናውን በአንድ ላይ ያሳያል። ንጉሡ በቤጃዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ የሚናገረው ጽሑፍ በግሪክኛ፣ በግዕዝ፣ ደግሞም ቃሉ ግዕዝ ሆኖ በደቡብ ዓረቢያ ፊደል ተቀርጿል። ከማዕርጎቹ መካከል የሒምያርና የሳባ ንጉሥ መባል ይገኛል። በጊዜው ባሕር ማዶ የነበረው ሥልጣን ከስም ያለፈ አልነበረም፤ በ3ኛው መቶ ዓመት ግን የአክሱም ጦር እዚያ ሲዋጋ ቆይቷል። ስሙን መተው ከብዶት ይሆናል።

መዋዋሱ ብቻ ተነግሮ ደሙ ከተደበቀ ታሪክ አይሆንም። በ523 የሒምያር ንጉሥ ዩሱፍ፣ ዓረቦች ዙ ኑዋስ የሚሉት፣ የአይሁድ እምነት ተከታይ ሲሆን የናጅራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። ቀደም ሲልም በዋና ከተማው በዛፋር የነበሩትን የአክሱም ወታደሮች ገድሎ ነበር። በ525 ንጉሥ ካሌብ መርከቦች አሰባስቦ ተሻገረና ድል አደረገው። ምክንያቱ ሃይማኖት ብቻ ነበር ብሎ ማስተማር ልክ አይመስለንም፤ የዕጣንና የቅመም ንግድ መንገድ፣ የሮምና የፋርስ ፉክክርም ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እኛን የበለጠ ገርሞናል። ከዘማቹ ጦር ወገን የሆነው አብርሃ ካሌብ የሾመውን ሰው ገልብጦ ራሱ ነገሠ። በ548 ገደማ ታላቁ የማሪብ ግድብ ሲሰበር ሕዝቡን ጠርቶ አሠራው፤ ሥራውንም በድንጋይ አስቀረጸ። በምን ቋንቋ? በግዕዝ ይመስላችኋል? በሳባ ቋንቋና ፊደል ነው። ጽሑፉ ከሮምና ከፋርስ፣ እንዲሁም ከራሱ ከአክሱም ንጉሥ ዘንድ መልእክተኞች እንደመጡለት ይዘረዝራል። አገር ሊይዝ የሄደው ሰው አገሩ ያዘው። በሰንዓ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርቷል፤ በእስልምና ትውፊት ደግሞ ዝሆን ይዞ ወደ መካ የዘመተው እርሱ ነው።

ይህ ትዝታ ገና ትኩስ ሳለ፣ በ615 ገደማ፣ በመካ መከራ የጸናባቸው የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወዴት ሄዱ? ወደ ሐበሻ ንጉሥ ወደ ነጃሺ። ትናንት ጦር የመጣበትን ባሕር ዛሬ ስደተኛ ተሻገረው። ይህን ማስተማር የሚገባን በሁለቱም ሃይማኖት ልጆች ፊት ነውና፣ የዝሆኑን ዘመቻ ትቶ የነጃሺን ደግነት ብቻ፣ ወይም ደግነቱን ትቶ ዘመቻውን ብቻ መናገር ግማሽ ዳቦ መስጠት ነው።

መስኮትን አልረሳነውም። ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደከ በ1910 ባሳተመው ጥናት ከግዕዝ ወደ ዓረብኛ የገቡ ቃላትን መርምሯል። በቁርአን 24ኛ ምዕራፍ መብራት የሚቀመጥበት «ሚሽካት» የእኛው መስኮት ነው። በ1505 ያረፈው የግብፅ ሊቅ ሱዩጢም ይህንኑ ቃል የሐበሻ ብሎ መዝግቦታል። የአምስተኛው ምዕራፍ ስም «ማኢዳ» ማዕድ ነው። «ሐዋሪዩን» ሐዋርያት ናቸው፤ «ሙስሐፍ» መጽሐፍ ነው። በመስጊድ ሰባኪው የሚቆምበት «ሚንበር» መንበር ነው፤ አማርኛ ያንኑ መንበር ወንበር አድርጎታል። እኛ ደግሞ ከዓረብኛ ወረቀት፣ ሱቅ፣ ስኳር፣ ሳሙና ወሰድን። እንግዲህ በአንድ ተራ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ወረቀት ላይ ፊደል የሚጽፍ ልጅ ስንት ጊዜ ባሕሩን እንደተሻገረ ቁጠሩት።

ስለ ቡና ባጭሩ እንናገር፤ ቦታው አይበቃንም። ዛፉ የደቡብ ምዕራብ ደናችን ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት እንዲያተጋቸው ይጠጡት ጀመር። ከሞካ ወደብ ወደ ዓለም ተጫነ። ስዊድናዊው ሊኔ በ1753 የሳይንስ ስም ሲያወጣለት «አራቢካ» አለው፤ የሚያውቀው ከሻጩ ነዋ!

ጉርብትናው የድሮ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወላጆቻችን ሰፈር ውስጥ ያለውን ሱቅ «ዓረብ ቤት» ይሉ ነበር፤ ባለሱቆቹ የየመን ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከ1974ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙዎቹ ሄዱ። በ2015 የየመን ጦርነት ሲበረታ ግን ከየመን ወደ ጅቡቲና ወደ አገራችን የተሰደዱ ቤተሰቦች ነበሩ። በዚያው ባሕር ላይ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከየመንደራችን የወጡ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ለመድረስ በጀልባ ይሻገራሉ። ሰምጠው የቀሩም ብዙ ናቸው። ባሕሩን ለምን «የልቅሶ በር» እንዳሉት ለተማሪ ማስረዳት አያስቸግርም፤ በክፍሉ ውስጥ ወንድሙ በዚያ የሄደበት ልጅ አይጠፋምና ቀስ ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ የለጠፍነውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ። አሮጌዎቹን ሆሄያት ከዛሬዎቹ ጎን ለጎን በካርቶን ላይ የሳልናቸው ራሳችን ነን። የ«መ» ቅርጽ ትንሽ ተጣሞብናል፤ እናስተካክለዋለን። የሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ሲመጣ ሠንጠረዡን ይዘን ወደዚያው አራተኛ ክፍል ለመሄድ ጠይቀናል። ልጆቹ አምስተኛ ክፍል ገብተው ከሆነም አምስተኛ ክፍል እንሄዳለን።