“ወይ መሣሪያው፣ ወይ እኔ!” አለችው

መቼም ፍቅረኛሞች የሚጣሉበት ነገር ማለቂያ የለውም። በቅናት የሚጣላ አለ፣ በዘመድ ጣጣ የሚጣላ አለ፣ በስልክ የሚጣላማ ተቆጥሮ አያልቅም። ቦታ በሚያሳይ መሣሪያ የተጣሉ እጮኛሞች ግን እኔ በበኩሌ ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ደብዳቤው የመጣው ከወደ አሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዲወጣ ያልፈለገ የ27 ዓመት ወጣት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፡-

“እኔና እጮኛዬ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጂኦካሺንግ የሚባለውን የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ እንጫወታለን። እስካሁን የምንጠቀመው በእጅ ስልካችን ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን ጫካ ውስጥ ሳለን መሸብን፤ የሁለታችንም ስልክ ባትሪ ጨረሰ። መኪናችንን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ሙሉ በጨለማ ተንከራተትን። እሷ እያለቀሰች ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ጫካ የሚባል ነገር አታንሳብኝ ብላለች። እኔ ደግሞ ጥሩ የእጅ ጂፒኤስ ብገዛ ፍርሃቷ ይለቃታል ብዬ ለሠርጋችን ካጠራቀምነው ላይ 500 ዶላር ላወጣ አሰብኩ። ስነግራት ‘ወይ መሣሪያው፣ ወይ እኔ!’ አለችኝ። ምን ትመክረኛለህ?”

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ጨዋታውን ለማታውቁት ጥቂት ልበል። ድሮ የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስን ምልክት ለተራው ሰው ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000) በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ቀረ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ፣ ቢቨርክሪክ አካባቢ፣ አንድ ባልዲ ደበቀና ቦታውን በቁጥር አስታወቀ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ የታሸገ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ከወሰድክ አንድ ነገር አስቀምጥ፣ ስምህንም መዝገቡ ላይ ጻፍ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተደበቀው ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ወደ አንተ ልምጣ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ያን ዕለት የጎደላችሁ ምንድን ነው? ስልኩ ቦታ ተሳስቶባችሁ ነው የጠፋችሁት? አይደለም። ባትሪ አልቆባችሁ ነው። ስለዚህ ልትገዛ የሚገባህ የጎደለህን እንጂ ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀውን አይደለም። ሰው ጫማው ሲቀደድ ኮት አይገዛም!

እስቲ ነጥብ በነጥብ እንየው።

አንደኛ፣ ባትሪ። ጋርሚን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለት መሣሪያዎች አውጥቷል። አንዱ ጂፒኤስማፕ 67 ነው፤ ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ገደማ ነበር። ሌላው ኢትሬክስ ኤስኢ ነው፤ እሱ ደግሞ 150 ዶላር ገደማ ነበር። አንተ ያሰብከው የመጀመሪያውን ዓይነት ይመስለኛል። አሁን ልዩነቱን ተመልከት። ኩባንያው እንደሚለው ውዱ እስከ 180 ሰዓት ይሠራል፤ ርካሹ እስከ 168 ሰዓት። ለ12 ሰዓት ብሎ 350 ዶላር የሚጨምር ማነው? በዚያ ላይ የውዱ ባትሪ እዚያው የተገጠመ ስለሆነ ካለቀ ቻርጅ ማድረግ ግድ ነው። ርካሹ የሚጎርሰው 2 ተራ የባትሪ ድንጋይ ነው። ሌላ ሁለት ድንጋይ ኪስህ ከከተትክ ጫካ ውስጥም ቀይረህ መንገድህን ትቀጥላለህ።

ሁለተኛ፣ ትክክለኛነት። ሁሉም ሻጭ “የኔ አይሳሳትም” ይላል። እውነቱን ልንገርህ። መሣሪያው ቦታህን ለማወቅ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ሰማዩ ወለል ብሎ ሲታይ ስህተቱ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቢሆን ነው። ጥቅጥቅ ያለ ደን ወይም ገደል ውስጥ ግን ምልክቱ እየተጋጨ ስለሚመጣ ስህተቱ ይጨምራል። ውዱ መሣሪያ በሁለት ዓይነት ሞገድ ስለሚቀበል እዚህ ላይ በእርግጥ ይበልጣል። ግን ሳጥኑን የደበቀው ሰውዬ ራሱ በተራ መሣሪያ ለክቶት ቢሆንስ? ያንተ ትክክለኛነት የሱን ስህተት አያርምም። የመጨረሻው 10 ሜትር ላይ ሥራው የዓይን ነው። ከግንድ ሥር፣ ከድንጋይ ስንጥቅ... ፈልግ!

ሦስተኛ፣ ካርታ። ርካሹ ካርታ የለውም፤ ስክሪኑም ባለ ቀለም አይደለም። ይሄ እውነተኛ ጉድለቱ ነው። ካርታ ካማረህ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኢትሬክስ 22ኤክስ አለልህ። ካርታ ተጭኖለት በ200 ዶላር ገደማ ነው የወጣው። ነገር ግን ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ የለውም፤ ቀስቱ አቅጣጫ የሚያሳይህ ስትራመድ ብቻ ነው። ቆም ብለህ ዙሪያህን ስታይ ግራ ያጋባሃል። ኤስኢው ግን ኮምፓስ አለው።

አራተኛ፣ ውሃ። እነዚህ ሁሉ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንዲቆዩ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ዝናብ አያሳስብህም።

የኔ ፍርድ እንግዲህ ይኸው፦ የ150 ዶላሩን ያዝ። 350 ዶላሩ ወደ ሠርጉ ይመለስ። ከሱ ላይ ቀንሰህ አንድ ጥሩ የእጅ ባትሪ ግዛ፤ ጨለማን የሚያሸንፈው ብርሃን እንጂ ሳተላይት አይደለም። ገና ጀማሪ የሆናችሁ አንባብያን ደግሞ ምንም አትግዙ! የከተማ መናፈሻ ውስጥ ለመፈለግ ስልካችሁ ይበቃል።

ከገዛህ በኋላ ሁለት ነገር አስተካክል። የጨዋታው ቁጥር የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ነው። ያ የመጀመሪያው ባልዲ የተደበቀበት ቁጥር ሰሜን 45 ዲግሪ ከ17.460 ደቂቃ፣ ምዕራብ 122 ዲግሪ ከ24.800 ደቂቃ ነበር። ይሄን 17.460 “17 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ” ብለህ ካስገባኸው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሌላ ቦታ ትቆፍራለህ። ሁለተኛው የካርታ መነሻ ልኬት ነው። ደብሊውጂኤስ 84 ላይ መሆኑን አረጋግጥ። አንድ ቀያሽ ወዳጄ እንደነገረኝ የኛ አገር ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ሌላ ልኬት ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ከ100 ሜትር በላይ ይስታል። እንጦጦ ላይ የወረቀት ካርታ ይዛችሁ ጂፒኤስ የምትሞክሩ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ይቺን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እህታችን “ወይ እኔ” ያለችው 500 ዶላር ቆጭቷት ብቻ አይመስለኝም። ያን ማታ መሣሪያውም መንገዱም ያለው አንተ እጅ ነበር፤ እሷ የነበራት መከተል ብቻ ነው። ፍርሃት የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ሳትማከሩ ምንም ነገር አትግዛ። አብራችሁ ሄዳችሁ ምረጡ፤ ተገዝቶ ሲመጣም መሣሪያውን እሷ ትያዘው! ከመኪና ስትወርዱ መኪናው የቆመበትን ቦታ እሷ ትመዝግብ። መሣሪያው የመጣችሁበትን መንገድ መልሶ ስለሚያሳይ “በቃ፣ እንመለስ” ስትል ቀስቱን ይዛ ትመራሃለች። ፀሐይ ከመጥለቋ 2 ሰዓት በፊት ፊታችሁን ወደ መኪናው ለማዞር ተስማሙ። ይሄን ሁሉ አድርገህም “ጫካ አልሄድም” ካለች ግን እምቢታዋን አክብር። ሳጥኑ የትም አይሄድም፤ እሷ ግን ትሄዳለች።

በመጨረሻም ለሁላችሁም አንድ ማሳሰቢያ። መፈለግ ሌላ፣ መደበቅ ሌላ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ያለ ፈቃድ ሳጥን ማስቀመጥ ክልክል ነው። ዋሽንግተን ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክም በዚያው መሥሪያ ቤት ሥር ነው። እንግሊዝ አገር ዌዘርቢ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የጨዋታ ሳጥን ቦምብ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ መንገድ ተዘግቶ እንዲፈነዳ ተደርጓል። እኛም አገር ድልድይ፣ መሥሪያ ቤትና ካምፕ አጠገብ ጎንበስ ቀና እያሉ ዕቃ መደበቅ ጣጣው ብዙ ነው፤ እንዳትሞክሩት። ከውጭ መሣሪያ ይዛችሁ የምትመጡም ጉምሩክን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወንድሜ፣ ሠርጉ ሲደርስ መጥሪያውን እንዳትረሳኝ። አድራሻውን በጂፒኤስ ቁጥር ከላክህልኝ ግን አልመጣም!

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።