«አዳሪ» እና «ጨፋሪ»፦ በመርካቶ መጠጥ ቤቶች የሚሠሩ ሴቶች ስያሜና ሥራ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመርካቶ፣ በተለይም በሰባተኛ አካባቢ፣ በጭፈራና በዘፈን የሚተዳደሩ ሴቶችን ሥራ ከተሰጣቸው ስያሜ ጋር አያይዞ መመልከት ነው። ሥነ ጽሑፋችን ስለ እነዚህ ሴቶች ብዙ ብሏል፤ ስለ ሥራቸው ያለው ግን ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቃሉ እንነሣ። «ሴተኛ አዳሪ» ሲባል የሚሰማ ሰው «አዳሪ» የሚለው ሌሊትንና አልጋን ብቻ የሚያመለክት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ «አደረ» መኖርም መተዳደርም ነው። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ላብ አደር፣ ሠርቶ አዳሪ የምንላቸው ሁሉ ከዚሁ ግሥ የወጡ ሲሆን የሚነግሩን ሰውየው በምን እንደሚኖር ነው። «ሴተኛ አዳሪ»ም በቅርጹ ከእነዚሁ ወገን ነው። ልዩነቱ ሌሎቹ ማረሱን፣ ማርባቱን፣ ላቡን ሲጠሩ የእሷ ስያሜ ምንም ሥራ አለመጥራቱ ነው። የተጠራው ሴትነቷ ብቻ ነው።

መርካቶ የተቆረቆረው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928—1933 ዓ.ም.)፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ «ለአገሬው ሰው» ተብሎ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። ገበያው ሲደራ የሌሊቱም ገበያ አብሮ ደራ። ከክፍለ አገር የሚመጣው አውቶቡስ መንገደኛውን የሚያራግፈው አውቶቡስ ተራ ስለሆነ፣ ነጋዴውና ሾፌሩ ሲመሽ የሚገቡበት ቤት በዚያው አቅራቢያ በዛ። ከገጠር የመጣችውንም ልጅ ደላላ የሚያገኛት እዚያው ነው።

ሥራው ምንድን ነው? ደመወዝ ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው፤ ለባለቤቱ የሚጠቅመው እሷ ስላለች የሚከፈተው ጠርሙስ ነው። እንግዳው ሲጋብዛት መጠጣትም ከሥራው ይቆጠራል፤ የሚጎዳው ደግሞ የእሷ ጤና ነው። የሚጨፈረው እስክስታ በሠርግ ቤት የምናውቀው ነው፤ ትከሻው ያው ትከሻ ነው። በሠርጉ ግን ጨፋሪና ተመልካች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ እልል ባይዋም ተራዋን ትነሣለች። በመጠጥ ቤት የሚለዋወጥ የለም። ገንዘቡ ግንባሯ ላይ ይለጠፋል፤ የለጠፈው እጅ እዚያው መቅረቱን ወይም ወደ ታች መውረዱን የምትቆጣጠረው እሷው ናት፤ ይህንንም ሳታስቀይም፣ እየሳቀች ማድረግ አለባት።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን «ተቀበይ!» የሚለው ትእዛዝ ነው። በአዝማሪ ቤት እንግዳው አንድ ስንኝ ይወረውራል፤ ዘፋኟ ተቀብላ በዜማ ትመልሳለች። ስንኙ ውዳሴ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ጠረጴዛ የተቀመጠን ሰው ወይም እሷን ራሷን የሚሰድብም ሊሆን ይችላል። አልቀበልም ማለት ሽልማቱን ማጣት ነው። የምትችለው ቃሉን ጠምዝዞ ማዞር ነው፤ ሰሙን ለሰጪው ትታ ወርቁን ወደምትፈልገው ወገን ታዞረዋለች። በክፍል ውስጥ ሰምና ወርቅን ስናስተምር ዘወትር የምንጠቅሰው የቅኔ ቤቱን ሊቅ ነው። እዚህ ግን ሰካራም ፊት ቆማ፣ ለማሰብ ፋታ ሳይሰጣት፣ ለእንጀራዋ ብላ የምትቀኝ ሴት አለች።

ልቦለዶቻችን ይህን እምብዛም አላዩትም። «ሴተኛ አዳሪ» በተሰኘው ልቦለድ ላይ የሚነበበው የደራሲ ስም እናኑ አጎናፍር ነው፤ ይህ ግን የነጋ ገብረ ማርያም የብዕር ስም ነው። ስለ እሷ ሊጽፍ የተነሣ ወንድ ስሟን ጭምር መልበሱ የሚያስገርም ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ለብዙ ዓመታት ሳይታተም በቆየው «ሌቱም አይነጋልኝ» ሴቶቹን ሳይፈርድባቸው አቅርቧል፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። ሥፍራው ግን ውቤ በረሃ ነው፤ የሚያየውም በእንግዳው በኩል ተቀምጦ ነው። የሰባተኛዋ ሴት ተማሪና ሹም አልነበረም ደንበኛዋ፤ ምናልባት ጸሐፊ ያጣችውም ለዚህ ይሆናል።

ከመርካቶ ወጣ ብለን አንድ ማነጻጸሪያ እንውሰድ። በካዛንቺስ «ፈንድቃ» ይባል በነበረው አዝማሪ ቤት መላኩ በላይ ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ እየተወዛወዘ፣ እዚያው ቤት እያደረ ኖሯል። በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ የባህል ማዕከል አደረገው፤ በዓለም መድረኮችም ታወቀ። ምስጋናው የሚገባው ነው። ሠፈሩ በ2017 ዓ.ም. በፈረሰ ጊዜም ብዙዎች አዝነዋል። ልብ ልንል የሚገባን ግን፣ በሽልማት እየጨፈረ እዚያው ያደረ ወንድ «ተወዛዋዥ» ሲባል፣ ያንኑ ያደረገች ሴት «የቡና ቤት ሴት» መባሏን ነው።

ተማሪዎቻችን ቃል ግጥም ሰብስበው ሲመለሱ በወረቀቱ ላይ ስንኙ አለ፤ ማን እንደወረወረው፣ ማን እንዴት እንደመለሰው፣ ስንት እንደተከፈለበት ግን የለም። እኔ የማማክራቸው ከእንግዲህ እነዚህን ሦስት ዓምዶች ጨምረው እንዲመጡ ጠይቄአለሁ። የሴቲቱንም ስም፣ እሷ ከፈቀደች ብቻ።