አንዱ ግድግዳ በወረቀት፣ ሦስቱ በቀለም

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ያለችው ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ናት። አንዱ ክፍል የእኔና የባለቤቴ፣ ሌላው የ11 ዓመቷ ልጃችን ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ እናቴ አልጋዋንና ሣጥኗን ይዛ መጣችና የልጄ ክፍል የሁለት ሰው ሆነ።

ልጄ "እማማ ከመጣች ክፍላችን ይታደስ" አለች። አራቱም ግድግዳ ቅጠል ባለው ዎልፔፐር እንዲለበስላት ፈለገች። እናቴ ደግሞ "ነጭ ቀለም ይበቃኛል፤ ዓይኔን አታድክሙት" አለች። ሁለቱን ለማስታረቅ አንዱን ግድግዳ በወረቀት፣ ሦስቱን በቀለም ለማድረግ ወሰንኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግድግዳውን ስመርጥ ግን ተሳሳትኩ።

ከበሩ ሲገባ ፊት ለፊት የሚታየውን፣ መስኮት ያለበትን የውጭ ግድግዳ አለበስኩት። እስከ ሰኔ ድረስ እንግዳ ሁሉ አደነቀው። ሐምሌ ላይ ወረቀቱ ማበጥ ጀመረ፤ ነሐሴ ላይ ጥጉ ተላቀቀ። ገልጬ ሳየው ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ይዟል። እናቴ አስም አለባት። ሌሊት ሌሊት ስትስል የሰማሁት የክረምቱ ብርድ መስሎኝ ነበር። በዚያው ቀን ፍራሿን ሳሎን አነጠፍንላት። ምንም አላለችም፤ እኔ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቤቷን ያስለቀቅናት ያህል ተሰማኝ።

ጥቅምት ላይ ሥራውን እንደገና ጀመርን። ከስህተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የትኛው ግድግዳ?

ወረቀት ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ ወይም ከመታጠቢያ ቤት ጋር በሚዋሰን ግድግዳ ላይ ባይለጠፍ ይመረጣል። ከተጠራጠራችሁ አንድ ግልጽ ፕላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ሁለት ቀን አቆዩት። እርጥበቱ ከፕላስቲኩ በስተኋላ ከታየ ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው፤ ምንጩ ሳይዘጋ ወረቀትም ቀለምም አይቆይም። የእኛ ችግር በመስኮቱ ፍሬም ዙሪያ ያለ ስንጥቅ ነበር። አስደፈንነው፣ ሻጋታውን አስፋቅነው፣ እስኪደርቅ ጠበቅን። ወረቀቱን ግን ወደ ውስጠኛው፣ የልጄ አልጋ ራስጌ ወዳለበት ግድግዳ አዞርነው።

ስንት ጥቅል?

ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ የሚገኘው ጥቅል 53 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት አለው። የእኛ ግድግዳ 3 ሜትር ይሰፋል፤ ስለዚህ ስድስት ቁራጭ ያስፈልገዋል። ከፍታው 2 ሜትር ከ60 ነው፤ ከላይና ከታች ለመከርከሚያ 10 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር ከአንድ ጥቅል ሦስት ቁራጭ ይወጣል። ሁለት ጥቅል ማለት ነው። ሥዕሉ ከጎን ከጎን መገጣጠም ያለበት ከሆነ የሚባክን ስለሚኖር አንድ መጠባበቂያ ያዙ፤ የሁሉም የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም ሊለያይ ይችላል።

ለሦስቱ ግድግዳዎች ከወረቀቱ ውስጥ ፈዘዝ ያለውን ቀለም መርጠን በትንሽ ቦታ ቀብተን፣ ጠዋትም ማታም በመብራት አየነው። ሱቅ ውስጥ ክሬም የነበረው ማታ ቢጫ ሆኖ ታየን፤ ቀየርነው።

ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ሦስቱ ግድግዳዎች ይቀባሉ፤ ወረቀት የመጨረሻ ነው። ቀለሙ ወረቀት ወደሚለጠፍበት ግድግዳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፤ ጥጉ ላይ ክፍተት እንዳይታይ ያደርጋል። የድሮው ቀለም በእጅ ሲዳሰስ ዱቄት ከሰጠ፣ ወረቀቱ ዱቄቱን ይዞ ስለሚላቀቅ ታጥቦ ፕራይመር መቀባት አለበት።

የመጀመሪያው ቁራጭ በጥጉ ተመርቶ አይለጠፍም፤ ጥግ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። ቱንቢ አልነበረንም። እናቴ ክር ላይ ቁልፍ አስራ አንጠለጠለችና "በዚህ ሂዱ" አለች።

ልጆችና አረጋውያን ሲኖሩ

የድሮ የዘይት ቀለም ሊድ ሊኖረው ይችላል። በሀገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን ሊድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ በ90 እጅ የወሰነው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፤ እየረጠበ ይፋቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን የለም። ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና አስም ያለባቸው ሰዎች ሥራው አልቆ፣ አቧራው ተጠርጎና ሽታው ወጥቶ እስኪያልቅ ሌላ ክፍል ይደሩ። ቁም ሣጥንም ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ይበል፤ አየር ይለፍበት።

እናቴ ሙጫው ሲበጠበጥ እያየች ሳቀች። "እኛ እኮ የግድግዳ ወረቀት ያወቅነው ከእናንተ በፊት ነው።" እውነቷን ነው። የካዛንቺሱ ጭቃ ቤት ውስጥ በየእንቁጣጣሹ አዲስ ዘመን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፍ ነበር። "አይጥ ሲግጠው እያደረ አስቸገረን እንጂ" አለች። እኔ ፊደል የለየሁት በዚያ ግድግዳ ላይ ነው፤ ተገልብጦ የተለጠፈውን ለማንበብ አንገቴን እያጣመምኩ።

ሥራው ባለቀ በሳምንቱ ፍራሿን ከሳሎን መልሰን አልጋዋን ከወረቀቱ ፊት ለፊት አደረግን። ጋደም ብላ ቅጠሎቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

"ያምራል" አለች፤ "የሚነበብ ግን የለውም።"

ልጄ አንድ የፎቶ ፍሬም አምጥታ የጋዜጣ ገጽ ከተተችበትና ከእናቴ ትራስ በላይ፣ በተቀባው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በየሳምንቱ ትቀይረዋለች፤ መነጽሯን ለምታጣው አያቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነብላትም እሷው ናት። የግድግዳው እውነተኛ ፈተና ክረምቱ ነው፤ ለጊዜው ግን እናቴ ሳትስል ታድራለች።