ኢንሱሊን ከየት ይመጣል? ስለ ባዮቴክኖሎጂ አጭር ማብራሪያ

በዛሬው ዝግጅታችን ባዮቴክኖሎጂ ስለሚባለው የእውቀት ዘርፍ እንነጋገራለን። ስሙ ከባድ ቢመስልም ነገሩ ከብዙዎቻችን ቤት ገብቷል። የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን የዚሁ እውቀት ውጤት ነውና።

ወደዚህ አገር ከመጣን ወዲህ የስኳር በሽታ፣ በዕብራይስጡ ሱኬሬት፣ በማኅበረሰባችን ውስጥ እንደበዛ ይታወቃል። ቀድሞ በእግር የምንሄደው ቀርቶ በአውቶቡስ ሆነ፤ በጤፉ ፋንታ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ገባ። ሐኪም ኢንሱሊን ሲያዝም በሥራዬ ምክንያት ከማገኛቸው ቤተሰቦች ሦስት ጥያቄዎችን ደጋግሜ እሰማለሁ። መድኃኒቱ ከአሳማ የሚወጣ ነው ወይ? ደሜን ወይም የልጆቼን ዘር ይለውጣል ወይ? ደኅና ከሆንኩስ ማቋረጥ እችላለሁ ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸውን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ እርሾ ይጨምራሉ። እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ነገር ግን ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እነርሱ ከሊጡ እየተመገቡ ያኮመጥጡታል፣ ዓይን ያወጡለታል። ጠላና ጠጅም የሚፈሉት በእንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ሠራተኞች ነው። ሕይወት ያለውን ነገር ለሰው ጥቅም ማሠራት እንግዲህ ባዮቴክኖሎጂ ይባላል። አሮጌ ሙያ ነው። አዲሱ ነገር ሳይንቲስቶች ለእነዚህ ሠራተኞች አዲስ ትእዛዝ መስጠት መቻላቸው ነው።

ትእዛዙ የሚጻፈው ዲ ኤን ኤ በሚባል ነገር ላይ ነው። የሰው ሰውነት እጅግ ብዙ ከሆኑ ሕዋሶች የተሠራ ነው። በአብዛኞቹ ሕዋሶች ውስጥም ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን ክር ተጠቅልሎ ይገኛል። በክሩ ላይ አራት ዓይነት ፊደሎች ብቻ እየተደጋገሙ ተጽፈዋል። የእኛ የአማርኛ ፊደል ከሁለት መቶ ይበልጣል፤ የሕይወት ጽሑፍ ግን በአራት ይበቃዋል። ከዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንድን ሥራ የሚያዘው ክፍል ጂን ወይም ዘረ መል ይባላል። የዓይናችን ቀለም ከወላጆቻችን የሚወረሰው በጂኖች አማካይነት ነው። ኢንሱሊን እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽም ጂን አለን።

ኢንሱሊን ከጨጓራ በስተጀርባ የሚገኘው ቆሽት የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። ተግባሩ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሕዋሶች እንዲገባ በር መክፈት ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም በሚገባ ሳይሠራ ሲቀር ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማችና ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከእንስሳ ቆሽት ኢንሱሊን ማውጣት ቻሉ። በ1922 ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጥቶ ሕይወቱን አተረፈ። ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል ኢንሱሊን የሚገኘው ከታረዱ ከብቶችና አሳማዎች ቆሽት ነበር። «ከአሳማ ነው» የሚለው ወሬ መነሻው ይህ ነው፤ በጊዜው እውነት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ1970ዎቹ ነው። በ1973 በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር ዲ ኤን ኤን ቆርጦ ከሌላ ዲ ኤን ኤ ጋር መቀጠልና ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል አሳዩ። መቁረጫውም ማጣበቂያውም እንደ መቀስና እንደ ሙጫ የሚያገለግሉ፣ በተፈጥሮ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በ1978 ተመራማሪዎች የሰውን የኢንሱሊን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ላቦራቶሪ ውስጥ ገጣጥመው ለባክቴሪያ ሰጡ። ባክቴሪያውም ትእዛዙን አንብቦ የሰው ኢንሱሊን ሠራ። ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል፤ ስለዚህ በትልቅ ጋን ሲራባ ብዙ ኢንሱሊን ይገኛል። ይህ ኢንሱሊን በ1982 በአሜሪካ ለሕመምተኞች ተፈቀደ። ዛሬ በዓለም ላይ በአብዛኛው የሚሰጠው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ወይም በዳቦ እርሾ የሚሠራ ነው። ስለምትወስዱት መድኃኒት እርግጠኛ ለመሆን ፋርማሲስቱን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ኢንሱሊኑ ከባክቴሪያው ወይም ከእርሾው ተለይቶና ተጣርቶ ነው የሚቀርበው። የተለወጠው የእነርሱ ዲ ኤን ኤ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሶ ከሰውነት ይጠፋል፤ ዘርን አይነካም፣ ወደ ልጅም አይተላለፍም። በመርፌ የሚሰጠውም ፕሮቲን ስለሆነ ነው፤ ቢዋጥ ጨጓራ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። ከ1992 ጀምሮ በእስራኤል ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ፣ ማለትም የጉበት በሽታ፣ ክትባትም በባዮቴክኖሎጂ የሚሠራ ነው።

የሰውን ዲ ኤን ኤ በእርግጥ የሚለውጥ ሕክምናም አለ። በ2023 በብሪታንያና በአሜሪካ ለአንድ ከባድ የደም በሽታ እንዲህ ያለ ሕክምና ተፈቅዷል። እርሱ ግን ከሕመምተኛው ሕዋስ ተወስዶ፣ ተስተካክሎ የሚመለስበት ረጅም ሥራ ነው፤ ከኢንሱሊን መርፌ ጋር አይገናኝም። በዚህ አገር በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት በሚገባችሁ መንገድ እንዲብራራላችሁና ፈቃዳችሁ እንዲጠየቅ ያዛል። በ2000 የወጣው ሕግም የዘር ምርመራ ያለ ፈቃዳችሁ እንዳይደረግ ይከለክላል። ስለዚህ ሳይገባችሁ አትፈርሙ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጆቻችሁን ብቻ አስተርጓሚ አታድርጉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ደኅና የሆናችሁት መድኃኒቱን ስለምትወስዱ ነው። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ፣ በተለይ ቆሽታቸው ጨርሶ ኢንሱሊን ለማይሠራ ሰዎች፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የስግድን ወይም የኪፑርን ጾም ለመጾም የምታስቡም አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከተጋባ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ጭማቂ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ 101 ደውሉ።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች እንድታነቡላቸው አደራ እላለሁ።