የንስሐ አባትና የሥነ ልቡና አማካሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከሸጎሌ ወደ ሩቅ ክልል የሚሄድ ወጣት እናቱንም የንስሐ አባቱንም በአንድ ቀን ይለያል። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን የሚያስተባብራቸው ግቢ ጉባኤያት ለብዙዎች ቤት ኾነዋል። ኾኖም እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከጓደኞቹ የሸሸ ተማሪ ሲገጥመን “ጸሎት አስታጉለህ ነው” ብለን የምናልፈው ጥቂት ጊዜ አይደለም። በዚህ በድለናል።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም (1ኛ ነገ. 19፥4-8)። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ዳግመኛ ተኝቶ ነበርና ሁለተኛ ቀሰቀሰው። ወደ ኮሬብ 40 ቀን የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደ ኾኑ ያስተምራል።

በዩኒቨርሲቲ ያለው የሥነ ልቡና አማካሪ ከኃጢአት አይፈታም፤ ይህ የካህን ሥልጣን ነው። የእርሱ ሥራ ተማሪው የጨነቀውን አውጥቶ እንዲናገር መርዳት፣ ምንጩን አብሮ መመርመር፣ ሕመም ከጠረጠረም ወደ ሐኪም መምራት ነው። ኀዘኑ 2 ሳምንት ሙሉ ካልለቀቀው ወደ አማካሪው ይሂድ። ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ግን ቀን አይቆጠርም፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል።

የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም መሰዳደቢያ አድርገነዋል፤ የጌታችን ስም መኾኑን እንኳ ረስተን!

ጸሎቱም ጠበሉም አይቋረጥ፤ የታዘዘውንም መድኃኒት ሐኪሙ ሳይፈቅድ አያቁም። ወላጆችም ስትደውሉ ከውጤቱ በፊት ስለ እንቅልፉ ጠይቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።